ቢልዱ ለምን ይዘገያል? ብዙ ሞጁል ላለው ፕሮጀክት



የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ መስመር ቀይረን ቢልድ እናደርጋለን፤ ላፕቶፑ ይግላል፣ ደቂቃው ይነጉዳል። ላቡ ሊዘጋ ነው፣ ማስረከቢያው ደርሷል። በኛም ቡድን ደርሶ ስለነበር የተማርነውን እናካፍላችሁ። ምሳሌያችን በጃቫና በግሬድል ነው።

በመጀመሪያ እንለካ። ትእዛዙ ላይ «ፕሮፋይል» የሚለውን አማራጭ ስንጨምር የትኛው ሥራ ስንት ጊዜ እንደወሰደ የሚያሳይ ሪፖርት እዚያው ኮምፒውተራችን ላይ ይቀመጣል። ኢንተርኔት አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ በሆነ ባልሆነው «ክሊን» ማለትን እንተው። ግሬድል ያልተነካን ሞጁል ደግሞ አይሠራም፤ «ክሊን» ግን የቀድሞውን ውጤት ያጠፋበታል።

ሦስተኛ፣ በግሬድል ፕሮፐርቲስ ፋይል ውስጥ «ፓራለል» እና «ካሺንግ» የሚባሉትን እናብራ። ሁለቱም እኛ ካላበራናቸው ዝግ ናቸው። ፓራለል እርስ በርስ የማይጠባበቁ ሞጁሎችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ካሺንግ ደግሞ ከአንድ ብራንች ወደ ሌላው ሄደን ስንመለስ ቀድሞ የተሠራውን አውጥቶ ይሰጠናል። ራም ያነሰው ላፕቶፕ ግን በፓራለል ሊጨናነቅ ስለሚችል የወርከሮቹን ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሞጁሎቹ አደረጃጀት ነው። እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ የሚፈጁ 5 ሞጁሎች አሉን እንበል። አንዱ የሌላውን ማለቅ እየጠበቀ በሰንሰለት ከተያያዙ፣ ፕሮሰሰሩ 8 ኮር ቢኖረውም 10 ደቂቃ መጠበቃችን አይቀርም። አንዱ መሠረት ሆኖ አራቱ በሱ ላይ ብቻ ቢቆሙ ግን በ4 ደቂቃ ገደማ ሊያልቅ ይችላል።

የኛም ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። «ኮመን» ያልነው ሞጁል ውስጥ ያገኘነውን ሁሉ ከተትንበት፤ እሱ ሲነካ ሁሉም ተነካ። ኋላ ላይ እንደየአገልግሎቱ ከፋፈልነው። ጥገኝነቶቹንም ከ«ኤፒአይ» ወደ «ኢምፕሊመንቴሽን» ቀየርን። በ«ኤፒአይ» የተያያዘ ሞጁል ከበላዩ ላሉት ሁሉ ስለሚታይ፣ የውጭ ገጽታው ሲለወጥ እነሱም አብረው ይደገማሉ። በ«ኢምፕሊመንቴሽን» ሲሆን ግን ለውጡ በቀጥታ የሚጠቀምበት ሞጁል ላይ ይቆማል።

ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ ከመመኘታችን በፊት የሞጁሎቻችንን ጥገኝነት በወረቀት ላይ በቀስት እንሳለው። ረጅሙ ሰንሰለት የቱ ጋ እንዳለ ያኔ ይታየናል፤ መቆረጥ ያለበትም እሱ ነው። አላህ ሥራችንን ያግራልን።