ሻምፒዮኑ መናገር ሲያቅተው

የሰው ጥንካሬ የሚለካው በምንድን ነው? በዋንጫ ብዛት ይመስላችኋል? እስቲ የአሜሪካዊውን የቴኒስ ተጫዋች የአርተር አሽን ሕይወት አብረን እንመልከት።

አሽ እ.ኤ.አ. በ1943 በቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና በ6 ዓመቱ ነው። ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው በሚኖሩባት በዚያች ከተማ ያደገው ይህ ልጅ፣ በ1968 ዩኤስ ኦፕንን፣ በ1975 ዊምብልደንን አሸነፈ። በሁለቱም የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሻምፒዮን ነው።

በ1977 ፎቶ አንሺዋን ጂን ሙቱሳሚን አገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልቡን ታመመ። በልብ ቀዶ ሕክምና ወቅት በተሰጠው ደም ምክንያት ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ መኖሩን ያወቀው በ1988 ነበር። ልጃቸው ካሜራ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

እስቲ አስቡት! ባልና ሚስቱ ይህን ሸክም ከሦስት ዓመት በላይ ከጥቂት ወዳጆች በቀር ለማንም ሳይናገሩ ተሸከሙት። በ1992 አንድ ጋዜጣ ወሬውን ሲደርስበት፣ አሽ ራሱ በሕዝብ ፊት ቆሞ ተናገረ። ስለ ልጁ የጻፈው ጋ ሲደርስ ግን ሳግ ተናነቀው፤ ማንበብ አቃተው። ጂን አጠገቡ ቆማ አነበበችለት።

አሽ በቀሩት ወራት ኤድስን የሚዋጋ ድርጅት አቋቋመ፤ ለልጁም ረጅም ደብዳቤ ጻፈላት። በ1993 በ49 ዓመቱ አረፈ። በኒው ዮርክ ትልቁ የቴኒስ ስታዲየም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ስታዲየም በስማችን ላይሠራልን ይችላል። የትዳር ጓደኛችን ቃል ሲያጥረው ግን ተቀብለን ልናነብለት እንችላለን። ለመሆኑ ዛሬ አጠገቡ ቆመናል?