መተማ ላይ አልጋ የት ይዘረጋል?

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከእንቅልፉ ጋር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ ከ1,000 ሜትር በታች። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ሲሻገር የቆርቆሮ ቤት ምጣድ ይሆናል። በር ቀርቅሮ ተከናንቦ መተኛት የደጋ ወግ ነው፤ እዚህ አያዋጣም። የቆላ ሰው አልጋውን ጓሮ ያወጣል፤ ልክም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አልጋው ሲወጣ አጎበሩ ቤት መቅረቱ ነው።

«ማታ መስኮት ከተከፈተ ነፋስ ይመታል።»

ይህን ከደጋ ይዘነው ወርደናል። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የሚያዘጋን ያው እምነት ነው። የሚነፍስ አየር ብቻውን ግን በሽታ አያመጣም። እንቅልፍ ሲመጣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ያ ሙቀት የሚወጣው በቆዳ በኩል ነው። ክፍሉ ከታፈነ መውጫ ያጣል፤ ጥልቁ እንቅልፍ ያጥራል፣ ሰውም ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። መስኮት የሚዘጋበት ሰዓት ካለ ቀን ነው፤ በጠራራ ፀሐይ «አየር ይግባ» ብሎ መክፈት ግለት መጋበዝ ነው። ማታ ውጪው ከውስጥ ሲቀዘቅዝ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት መስኮቶች መክፈት ይሻላል። ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ሲተፋ ያመሻል፤ ስለዚህ አልጋውን ፀሐይ ሲመታው ከዋለው ግድግዳ ማራቅ ነው።

«ቬንትሌተር ክፍሉን ያቀዘቅዛል» የሚባለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። ቬንትሌተር ላብ ያደርቃል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ሰው በሌለበት ክፍል ቢሽከረከር መብራት ማባከን ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የጋለ አየር ወደ ሰውነት እየገፋ ይጎዳል። ወለል ላይ ውሃ መርጨትና አንሶላ ማርጠብ በሚያዝያ ደረቅ አየር በደንብ ያበርዳሉ። በነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ያን ያህል አይረዱም።

ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ምቾት ይመስላል፤ ቆላ ላይ ግን ጀርባን ያፍናል። ጠፍር አልጋ፣ ወይም ሱዳኖቹ አንገሬብ የሚሉት በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ ከሥር አየር ያስገባል። ለዚህ አገር ከእሱ የሚሻል አላውቅም።

«አጎበር ያፍናል።»

ይህ ሐሰት አይደለም። አጎበር የአየሩን እንቅስቃሴ በእርግጥ ይቀንሳል። «አያፍንም» እያሉ ማስተማር ሰሚ ማጣት ብቻ ነው፤ ሰውየው በገዛ ላቡ ያውቀዋል። መፍትሔው አጎበሩን ማውለቅ ሳይሆን ከፊት ራቅ አድርጎ ከፍና ሰፋ አድርጎ መስቀል ነው፤ ውጪ ከሆነ በአልጋው አራት ማዕዘን እንጨት አቁሞ ጫፉን ከፍራሹ ሥር መክተት። ጊንጥና እባብ በሚበዛበት ቆላ የተከተተ ጫፍ ሌላም ጥቅም አለው። ሲታጠብ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ትገድለዋለች።

«ድምፅ ካልሰማሁ የሚነድፈኝ የለም።»

ለመተማ ሰው ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ካላ-አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከወባ ትንኝ በብዙ ታንሳለች፣ ስትበርም አትጮኽም። ከተራ አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ልታልፍ ትችላለች፤ የሚከለክላት የጨርቁ መድኃኒት ነው። አርጅቶ መድኃኒቱ ያለቀ አጎበር ለእሷ ክፍት በር ነው። በረራዋ ደካማ ስለሆነ ግን የቬንትሌተር ነፋስ እንኳ ያውካታል።

ሰሊጥ ለማረም በክረምት፣ ለማጨድ ከመስከረም በኋላ ወደ መተማ፣ ቋራና አርማጭሆ የሚወርደው ወጣት የሚያምነው አንድ ነገር አለ፤ ከግራር ሥር የመሰለ መኝታ የለም ይላል። ጥላው ደግ ነው፣ ምሽቱም ይነፍሳል። ነገር ግን የአሸዋ ዝንቧ የምትወደው ይህንኑ ነው፤ ግራር የበቀለበትን የዋልካ አፈር። ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሷ ቀን ስንጥቁ ውስጥ ትውላለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ በአብዛኛው የምትነድፈውም ደጅ የተኛውን ነው። ስለዚህ ለቀን ዕረፍት ግራሩ ይሁን፤ ለሌሊት ግን አልጋው ከግራሩና ከስንጥቁ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በአጎበር ተሸፍኖ ይዘርጋ። የእርሻ ባለቤቶችም ለሠራተኛው ከእህሉ ጋር መድኃኒት ያለው አጎበር ቢያቀርቡ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ የሚያድኑት ግን ነፍስ ነው።

«ሁለት መለኪያ አረቄ እንቅልፍም ይሰጣል፣ ወባም ያባርራል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ከዚያ እንቅልፉን ይቆራርጣል፣ ውሃም ያስጠማል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ቢራ የጠጣ ሰው ጠረን የወባ ትንኝን ይበልጥ እንደሚስብ አሳይቷል።

«ወባ ከበቆሎ እሸት ይመጣል» በሚሉት አባቶች ላይ ግን ለመሳቅ አልቸኩልም። እሸት መብላት ወባ አያሲዝም። ሆኖም ቡሬ አካባቢ የተሠራና በ1998 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት መንደር ወባም እንደሚበዛ አግኝቷል፤ ኩሬ ላይ የሚረግፈው የበቆሎ ብናኝ ለትንኟ ዕጭ ምግብ ይሆናልና። ሽማግሌዎቹ ያዩት እውነት ነበር፤ መንገዱን ነው የሳቱት። በመኝታ ቤት መስኮት ሥር በቆሎ አለመዝራት፣ ውሃ ያቆረውንም ጉድጓድ መድፈን ይገባል።

የካላ-አዛር ሌላው ክፋት መዘግየቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከተነደፉ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ይገለጣል። አጫጁ ገንዘቡን ይዞ ደጋ ገብቷል፤ መተማን ረስቷታል። ሳይታከም ከቀረ በአብዛኛው ይገድላል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከከሳና በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ፣ ወባ ነው ብሎ ክኒን እየገዛ አይቀመጥ። ካላ-አዛር የሚመረመርበትና የሚታከምበት ማዕከል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ አለ። ሐኪሙ ባይጠይቀው እንኳ ቀድሞ ይንገረው፤ አምና ሰሊጥ አጨዳ ወርጄ ከግራር ሥር ደጅ አድሬያለሁ ይበለው።