ስለ ወገብ ዲስክ ሕማም፥ ሳይጠየቅም ስለሚቀረው ጥያቄ

ትናንት በሰው ትከሻ ተደግፈው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን የገቡት እናት፥ ሁለቱም እግሮቻቸው ዝለው፥ ሽንታቸውም ከዋዜማው ጀምሮ ተቋጥሮ ሳለ፥ በእጃቸው የያዙት ወረቀት «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፤ ለወገባቸው ማሳጅ ይደረግላቸው» የሚል ነበር። ያዩዋቸው ባለሙያዎች ሽንታቸውን በላቦራቶሪ አስመርምረዋል፥ አንቲባዮቲክም አዝዘዋል፤ በሚቀመጡበት ገላቸው ላይ ስሜት እንዳለና እንደሌለ ግን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም። ማሳጁን ትተን ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል አሳለፍናቸው፤ ይህንም የምጽፈው ቁጣዬ ሳይበርድ ነው።

ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው»፥ «ብርድ መታኝ» ማለቱ ከወላጆቻችን የወረስነው አነጋገር ስለሆነ በሕዝቡ አልፈርድም፤ ፈቃድ ተሰጥቶት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ግን የሕማሙን ጠባይ ሳይመረምር ይህንኑ ሲደግም ዝም ማለት አይገባም። ስለዚህ የዲስክ መንሸራተት የሚታወቅባቸውን ምልክቶች በተራ እጽፋለሁ።

1ኛ. ሕመሙ ከወገብ ይልቅ በእግር ይበረታል። ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ወይም ጎን አልፎ ከጉልበት በታች የሚወርድ፥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፥ ሲያስሉ፥ ሲያስነጥሱና ሲያምጡ የሚብስ ነው።

2ኛ. መደንዘዙና መዛሉ የተነካውን ነርቭ ያመለክታል። ከወገብ ዲስክ መንሸራተት 95 ከመቶ ያህሉ በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ የሚደርስ ስለሆነ፥ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሣትና በተረከዙ መራመድ የተሳነው፥ የእግሩም ገጽ የደነዘዘ ሰው፥ 5ኛው የወገብ ነርቭ ተጨቁኖበታል፤ በጣቶቹ መቆም የተሳነው፥ የእግሩም ውጫዊ ጠርዝ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነርቭ ተጨቁኖበታል።

3ኛ. ታማሚውን በጀርባው አስተኝተን ጉልበቱን ሳናጥፍ እግሩን ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ስናነሣ ያው የእግር ሕመም ይቀሰቀሳል። ይህ ምርመራ ሁለት እጅና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም፤ ሆኖም ታማሚው ሳይዳሰስ ለኤምአርአይ ብዙ ሺሕ ብር ያወጣል፤ ፎቶውም «ዲስክ» ካለ ፍርዱ ተፈረደ ማለት ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ ጥናት፥ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ 52 ከመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ፎቶው ከሰውየው ሕመም ጋር ካልተገናዘበ ጤነኛውን በሽተኛ ያደርጋል። በቲክቶክም «በአንድ ቀን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን» እያሉ ወገብ የሚያንቋቁ አሉ፤ ከዙሪያው ቀለበት ሾልኮ የወጣውን የዲስክ ማእከል በአውራ ጣት ገፍቶ መመለስ ከቶ አይቻልም። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፥ አልጋ ላይ ሳይውል፥ በልኩ እየተንቀሳቀሰ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ሐፍረት ያስቀረው ጥያቄ ነው። ከኅብለ ሰረሰር ጫፍ በታች የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች ሽንትን፥ ዐይነ ምድርንና ሩካቤን የሚያዝዙ ስለሆኑ፥ ትልቅ ዲስክ በአንድነት ሲጫናቸው በጭኖች መካከል፥ በኀፍረተ ሥጋና በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ገላ ይደነዝዛል፤ ሽንቱም እምቢ ይላል፤ ኋላም ሳይታወቅ ይንጠባጠባል። ኢንፌክሽን ያቃጥላል፥ ቶሎ ቶሎም ያሸናል፤ የነርቮቹ መጨቆን ሲሆን ግን ፊኛው ሞልቶ ሳለ መሙላቱ እንኳ ላይሰማ ይችላል። ነርቮቹን ከጫናው ለማላቀቅ ቀዶ ሕክምናው በተቻለ ፍጥነት፥ ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ መደረግ እንዳለበት እየታወቀ፥ «ሲታጠቡ የእጅዎ መነካት ይሰማዎታል?» የምትለውን አጭር ጥያቄ ከመጋረጃ ኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ለመጠየቅ የሚያፍር ባለሙያ ሞልቷል። ለቀበሌና ለቤት ቁጥር ሳይቀር መስመር ያለው የሪፈር ቅጽ ለዚህች ጥያቄ አንዲት መስመር እንዲኖረው ለኃላፊዎች ደጋግመን ብናመለክትም እስካሁን መልስ አላገኘንም።

እንግዲህ ወገቡን የሚያምመው ሰው በቤታችሁ ካለ፥ ታላቅም ቢሆኑ ይህንኑ ጥያቄ አክብራችሁ ጠይቋቸው። የመደንዘዙ ወይም የሽንት እምቢ ማለቱ ምልክት ከታየ ነገን አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና «ሽንቴ ቆሟል፥ መቀመጫዬም ደንዝዟል» ብላችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ።