ጥቁር አዝሙድና የተቆጣ ቆዳ

ቀኑን ሙሉ እጃቸው ከሳሙናና ከበረኪና ውኃ የማይወጣ ወገኖች ሕመሙን ያውቁታል። በመጀመሪያ የጣቶች መሐል ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ውሎ ሲያድር ይሰነጠቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሥራ የተሰማሩ እህቶቻችን ለዚህ ከሚያነሷቸው መድኃኒቶች አንዱ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። ዐረቦች ሐበቱል በረካ፣ የበረከት ፍሬ፣ ይሉታል፤ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ የተወደሰ መሆኑንም የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ኤል ደኻኽኒ የተባሉ ግብፃዊ ተመራማሪ ከዘሩ ተናኝ ዘይት ቲሞኪኖን የተሰኘውን ውሕድ ለይተው አወጡ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ጥናቶች ትኩረት ይኸው ውሕድ ሆኗል።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ኬራቲኖሳይት ከሚባሉ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ግድግዳ ብቻ ሳይሆኑ ዘበኛም ናቸው። ኬሚካል ወይም ተሕዋስ ሲጎዳቸው የድረሱልኝ መልእክት የሚያሰሙ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ሥፍራው ይጎርፋሉ። ቅላቱ፣ እብጠቱና ሙቀቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። መልእክቱን ከሚያስነሡት ዋነኛው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ በሰላም ጊዜ ከሕዋሱ አስኳል ውጭ በሌላ ፕሮቲን ታስሮ ይቀመጣል። ጉዳት ሲደርስ ማሰሪያው ይፈርሳል፤ እርሱም ወደ አስኳሉ ገብቶ የቁጣውን ዘረመሎች ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ቲሞኪኖን የማሰሪያውን መፍረስ እንደሚገታ፣ ፕሮቲኑም ከዲኤንኤ ጋር እንዳይጣበቅ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደው በደም ካንሰር ሕዋሳት ላይ ነበር፤ ሆኖም ይኸው ፕሮቲን በቆዳ ሕዋሳትም ውስጥ ይገኛል።

በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስና ሕያው እጅ ግን ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ኢራን ውስጥ የእጅ ኤግዚማ ያለባቸው 60 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ለ4 ሳምንታት የጥቁር አዝሙድ ቅባት፣ ቤታሜታዞን ወይም ተራ ማለስለሻ ተቀቡ። የጥቁር አዝሙዱ ውጤት ከቤታሜታዞን ጋር ተቀራራቢ፣ ከማለስለሻውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው፤ ይሁንና 60 ሰው ጥቂት ነው፣ አንድ ወርም አጭር ነው። የተቀቡትም በሐኪሞች ክትትል የተዘጋጀ ቅባት እንጂ ከገበያ የተገዛ ጥሬ ዘይት አልነበረም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያልተቀጠነ ዘይት ተቀብተው ቆዳቸው በአለርጂ የተቆጣባቸው፣ አልፎ ተርፎም ውኃ የቋጠረባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ይበጃል። በተሰነጠቀና በሚደማ ቆዳ ላይ ጥሬውን ዘይት ማፍሰስ አይገባም። ዘይቱ ቢያበርድ እንኳ በረኪናው ነገም ይመለሳልና፣ ከጎማው ጓንት ሥር ስስ የጥጥ ጓንት ማጥለቅ ከማንኛውም ቅባት የሚቀድም ጥንቃቄ ነው። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱም የተቀቡትን ዘይት ከነጠርሙሱ ይዘው ቢሄዱ ምርመራው ይቀልላል።