ነርሷ ብቻዋን አትመጣም

በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1970 ገደማ ብዙ የአቦርጂናል ሕፃናት በመንግሥት ትእዛዝ ከወላጆቻቸው ተነጥቀው በማሳደጊያ ተቋማትና በነጮች ቤት እንዲያድጉ ተደርገዋል። ስለዚህ ዛሬም በር ሲንኳኳ “ልጄን ሊወስዱብኝ ይሆን?” ብላ የምትሠጋ እናት አለች። ሥጋቷም ያለ ምክንያት አይደለም።

በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ አቦርጂናሎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያቋቋሙትና ራሳቸው የሚመሩት ኮንግረስ የተባለ የጤና ድርጅት ይህን ያውቃል። ነፍሰ ጡሯ ከፈቀደች፣ ነርሷ ከአንዲት የአቦርጂናል ተወላጅ ባልደረባ ጋር ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቤቷ ትመላለሳለች። ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ክትባት፣ ገና አፉን ላልፈታ ሕፃንም ስለ ማውራት ይወያያሉ። አባትየው፣ አያት ወይም አክስት አብረው ቢቀመጡ እሰየው ነው፤ በባህላቸው ልጅ የሚያሳድገው ዘመድ ሁሉ ነውና።