በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ በሪሞት የሚያበረው ትንሽ አውሮፕላን ነው። መጠኑ መዳፍ ላይ ከሚያርፈው ጀምሮ የክንፉ ርዝመት ከሰው ቁመት እስከሚበልጠው ድረስ ይለያያል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት ከሚታወቀው ድሮን ጋር አንድ አይደለም። አራት ፕሮፔለር ያለው ዘመናዊ ድሮን አብራሪው ጣቱን ከሪሞቱ ላይ ቢያነሳ እንኳ አየር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። አውሮፕላን ግን የሚሸከመው በክንፉ ላይና ታች የሚያልፈው አየር ስለሆነ ወደ ፊት ካልሄደ ይወድቃል። አብዛኛው የጀማሪ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ አብራሪው ለማሰብ ጊዜ ቢፈልግም አውሮፕላኑ አይጠብቀውም።

ታሪክ

ኒኮላ ቴስላ በ1898 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። በአውሮፕላን በኩል ቀደም ካሉት ስኬታማ በረራዎች አንዱ መንትያዎቹ አሜሪካውያን ዋልተርና ዊልያም ጉድ በ1937 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ያደረጉት ነው። ለረጅም ዘመን እያንዳንዱ ሪሞት በአንድ ቋሚ የሬዲዮ ቻናል ይሠራ ስለነበር፣ አንዱ እያበረረ ሳለ ሌላው በዚያው ቻናል ሪሞቱን ቢከፍት አየር ላይ ያለው ከቁጥጥር ውጭ ይሆን ነበር። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት የዛሬዎቹ ሪሞቶች እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ተቀባይ ጋር ብቻ ስለሚተዋወቁ ይህ አደጋ በአብዛኛው ቀርቷል።

አሠራር

የሪሞቱን ትእዛዝ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ይቀበልና ሰርቮ ለሚባሉ ትንንሽ ሞተሮች ያስተላልፋል። ሰርቮዎቹም በቀጭን ሽቦ የተያያዙትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያዞራሉ። በጅራቱ አግድም ክንፍ ላይ ያለው ኤሌቨተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በቆመው የጅራት ክፍል ላይ ያለው ረደር አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፤ በዋናው ክንፍ ላይ ያሉት ኤይለሮኖች ደግሞ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላሉ። አራተኛው ትእዛዝ የሞተሩ ኃይል ነው። አንዳንድ የመለማመጃ አውሮፕላኖች ኤይለሮን ስለሌላቸው በሦስቱ ብቻ ይበራሉ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን

ብዙ ጀማሪዎች ዓይናቸው የሚያርፈው በጦር አውሮፕላን መልክ በተሠራው ላይ ነው። ይህ ምርጫ ብዙውን ጊዜ በስብርባሪ ያልቃል፤ እንዲህ ያለው አውሮፕላን ፈጣን ነው፣ ከተጋደለም በራሱ አይመለስም። የመለማመጃ አውሮፕላን ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ ሲሆን የክንፉ ጫፎች ከመሐሉ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ወደ አንድ ጎን አጋድሎ መንሸራተት ሲጀምር ዝቅ ያለው ክንፍ ከሌላው የበለጠ ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ ኃይሉ ተቀንሶ እጀታው ሲለቀቅ አውሮፕላኑ ወደ ቀጥታ መስመሩ የመመለስ ጠባይ አለው። ከፎም የተሠራው ለጀማሪ ይሻላል። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠራው ውብ ቢሆንም ከወደቀ ጥገናው ቀናት ይወስዳል፤ ፎም ግን በሙጫ ብዙ ጊዜ እዚያው ሜዳ ላይ ይጠገናል።

ከበረራ በፊት

የክብደት ማዕከሉ በአብዛኛው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ ላይ መሆን አለበት። ይህም ክንፉን ከሥር በሁለት ጣት ደግፎ በማንሳት ይታወቃል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ልምድ ላለውም አስቸጋሪ ስለሆነ ባትሪውን ወደ ፊት በመግፋት ይስተካከላል። ከዚያ እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ ኤይለሮን ወደ ላይ መነሳቱ ይታያል። ሽቦ ተገልብጦ ከተሰካ ትእዛዙም ይገለበጣል፤ ይህን መሬት ላይ ያላየ ሰው አየር ላይ የሚያስተካክልበት ጊዜ የለውም።

ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች በሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ይሠራሉ። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ከልክ በላይ የተሞላ፣ የተወጋ ወይም ያበጠ ባትሪ በእሳት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ በራሱ ዓይነት ቻርጀር፣ በማይቃጠል ነገር ላይና ሰው እያየው ይሞላል፤ ሌሊት ሰክቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ፕሮፔለሩም ጣት የሚቆርጥ ኃይል ስላለው መጀመሪያ ሪሞቱ ይከፈታል፣ ባትሪው የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

አየር ላይ

አውሮፕላኑ የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። ከተነሳ በኋላ ጀማሪን የሚፈትነው የግራና ቀኝ መለዋወጥ ነው። አውሮፕላኑ ከአብራሪው እየራቀ ሲሄድ የሁለቱም ቀኝ አንድ ነው፤ ዞሮ ሲመጣ ግን የአውሮፕላኑ ቀኝ ለአብራሪው ግራ ይሆናል። ደንግጦ በተሳሳተ አቅጣጫ የሚገፋ ሰው የተጋደለውን አውሮፕላን ይበልጥ ያጋድለዋል። ወደ ራስ በሚመጣበት ጊዜ እጀታውን ዝቅ ወዳለው ክንፍ መግፋት ይጠቅማል፤ ክንፉን ከሥሩ ደግፎ እንደማንሳት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል አፍንጫውን በኤሌቨተር ብቻ ወደ ላይ መሳብ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስና ክንፉ አየሩን በጣም ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲገጥም መሸከም ያቆማል፤ ይህ ስቶል ይባላል። መፍትሔው ለደመ ነፍስ ተቃራኒ ነው፤ እጀታው ይለቀቃል፣ አፍንጫው ዝቅ እንዲል ይፈቀዳል፣ ኃይል ይጨመራል። ለዚህ ከፍታ ስለሚያስፈልግ ልምምድ የሚደረገው ከዛፍ ጫፍ በጣም ከፍ ብሎ ነው። የተማሪውና የአስተማሪው ሪሞቶች ከተያያዙ አስተማሪው በአንድ ቁልፍ ቁጥጥሩን መውሰድ ይችላል። አስተማሪ የሌለው ሰው በኮምፒውተር ሲሙሌተር መለማመዱ ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይጠቅመዋል።

ደጋማ አገር ላይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። በመሆኑም አንድ ሞዴል በባሕር ዳርቻ አገር ከሚያስፈልገው 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ ካልሄደ አይሸከምም፤ ፕሮፔለሩም ያን ያህል አየር አይገፋም። ማረፊያው ረዘም ማለት ይኖርበታል፤ ቀላል ክብደትና ሰፊ ክንፍ ያለውን መምረጥም ያዋጣል። ማለዳ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ አየሩ ረጋ ይላል።

ሕግ

በአሜሪካ ከ250 ግራም ለሚበልጥ ሞዴል ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ለመዝናኛ የሚያበርም ነፃ የሆነ የደኅንነት ፈተና ማለፍ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አጠቃላዩ የከፍታ ወሰን 120 ሜትር ነው። በኢትዮጵያ ሰው አልባ በራሪ መሣሪያን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከውጭ አገር ለዘመድ ሊልክ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያጣራ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ከመያዝ ይድናል። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው ውስጥ ስለሆነ በአዲስ አበባ ክፍት ሜዳ መገኘቱ ብቻ ለማብረር አይበቃም።