«ለልጄ ወረቀት ጻፉልኝ»

ልጅ በአእምሮ ሕመም ታሞ ከሥራ ሲቀር፣ ብዙ ወላጅ ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። አልፈርድም። በግል ድርጅት ለሚሠራ፣ አዋጅ 1156/2011 የሚፈቅደው የሕመም ፈቃድ 6 ወር ነው፤ ሙሉ ደመወዝ ያለው የመጀመሪያው ወር ብቻ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ቤት ያለው ሰው ቢቸኩል ምን ይገርማል?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በነርስነት ስሠራ ግን፣ የአእምሮ ሐኪሙን ከሕክምናው ይልቅ ወረቀቱ ሲያስጨንቀው አይቻለሁ። እግሩ ለተሰበረ ራጁ ይመሰክርለታል። ድምፅ ለሚሰማው ሰው የሚመሰክሩለት የራሱ ቃል፣ ቤተሰቡና ክትትሉ ናቸው። ክትትሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በእኛ አገር ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ጸበል ከርሞ ነውና። አባት «አምና ነው የታመመው፣ አምና ብለው ይጻፉልኝ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ካርዱ ግን የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ያላየውን አየሁ ብሎ ቢፈርም በወንጀል ይጠየቃል። የማውቃቸው ጥሩ ሐኪሞች «እንደ ቤተሰቡ ገለጻ ከአምና ጀምሮ፤ እኔ የመረመርሁት ከዚህ ቀን ጀምሮ» ብለው ለይተው ይጽፉ ነበር።

ከዚህም የሚከብደው «ለዘለቄታው መሥራት አይችልም» የሚለው ነው። በጡረታ ሕጋችን በጤና ጉድለት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል። ካልሞላ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተከፍሎት ይሸኛል። አለመቻሉን የሚያረጋግጠው የሕክምና ቦርድ ቢሆንም፣ አካሚው የጻፈው ቃል ክብደት አለው።

አንድ መምህር ትዝ ይለኛል (እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ)። አገልግሎቱ 8 ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቶሎ ተሰናብቶ በዳረጎቱ ሱቅ እንዲከፈትለት ፈለገ። እናቱ «ማስተማሩን ከወሰዳችሁበት ምን ይቀረዋል?» አሉ። መምህሩን የጠየቀው አልነበረም። ሐኪሙ ሁለቱን አስወጥቶ ሲጠይቀው፣ «ጠዋት መነሣት ነው ያቃተኝ፤ መድኃኒቱ ያስተኛኛል» አለ። የመድኃኒቱ ሰዓት ወደ ማታ ተዛወረ። ወረቀቱም ለጊዜው የሕመም ፈቃድ፣ ከዚያ የከሰዓት ፈረቃ የሚል ሆነ፤ የበሽታው ስም አልተጻፈበትም። በትንሽ ከተማ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ሳይደርስ ወሬው ገበያ ይደርሳላ!

ወንድሙ ተቆጥቶ ሄደ። መምህሩ ሁለት ዓመት አስተማረ፤ ከዚያ ሕመሙ በርትቶበት ቦርድ ሲቀርብ 10 ዓመቱን አልፎ ነበር። ሐኪሙን ዓመቱን አስልቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የወሰንሁት በጤናው ነው፤ ዓመቱን አላውቅም ነበር ብዬ ግን አልዋሽሽም፣ ሲስተር» አለኝ። እስካሁን አስበዋለሁ።

ደመወዝ ለሌለው ገበሬ ደግሞ ወረቀቱ ሌላ መልክ አለው። ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ ዘመዶቹ ይዘውት የመጡ ሰው ነበሩ። «አእምሮው ሙሉ አይደለም» የሚል ማስረጃ ለፍርድ ቤት ፈለጉ፤ መሬቱን እነሱ ሊያስተዳድሩ። ሐኪሙ ሰውየውን ለብቻቸው አስቀመጣቸው። መድኃኒት ካቆሙ ወር ሆኗቸዋል፣ ድምፅም ይሰማቸዋል። መሬታቸው ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ ማን እኩል እንደሚያርስላቸው፣ አምና ስንት ኩንታል እንደደረሳቸው ግን አንድ በአንድ ነገሩን። መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ወረቀቱ አልተጻፈም።